ባዜቃ በላቦራቶሪ፦ አደጋውና አያያዙ

ባዜቃ፣ በትምህርት ቤትና በላቦራቶሪ ይበልጥ የሚታወቅበት ስሙ ሜርኩሪ፣ ከብረታ ብረት ወገን በተራ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 80 ነው። የሚረጋው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የሚፈላው ደግሞ በ357 ዲግሪ ነው። አንድ ሊትሩ 13.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የብረት ምስማር ቢጣልበት አይሰምጥም፤ ይንሳፈፋል። ብርጭቆን አያርስም፤ ሲፈስም እንደ ውሃ አይነጣጠፍም፤ ክብ ክብ ጠብታ እየሆነ ይንከባለላል።

ከምድር የሚወጣው በአብዛኛው ሲናባር ከሚባል ቀይ ማዕድን ነው። ሲናባር የባዜቃና የድኝ ውህድ ነው። ማዕድኑ አየር ባለበት ሲቃጠል ድኙ ጋዝ ሆኖ ይለያል፤ ባዜቃው ይተንና ትነቱ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ሆኖ ይጠራቀማል። በስፔን የሚገኘው የአልማደን ማዕድን ማውጫ ለብዙ መቶ ዓመታት ዓለምን ሲመግብ የኖረው በዚህ መንገድ ነበር። በቀላሉ መትነኑ ለማዕድን አውጪው ጥቅም ነው፤ በላቦራቶሪ ግን የአደጋው ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ለምን ላቦራቶሪ ገባ?

ባዜቃ ሙቀት ሲጨምር በእኩል መጠን ይሰፋል፤ ክብደቱ ትልቅ ስለሆነም የአየር ግፊትን በአጭር ቱቦ ለመለካት ያስችላል። ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ1643 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአየር ግፊት በባዜቃ እንደሚለካ አሳየ። ዳንኤል ፋረንሃይት በ1714 የባዜቃ ቴርሞሜትር ሠራ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የደም ግፊት መለኪያ አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሩ፣ ማኖሜትሩ፣ የቫኪዩም ፓምፑና የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ ባዜቃን ይዘው በየላቦራቶሪውና በየሆስፒታሉ ተሰራጩ።

መጠኑ እንደ መሣሪያው ይለያያል። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ተኩል ይይዛል። የደም ግፊት መለኪያው ግን እስከ 100 ግራም ሊይዝ ስለሚችል፣ የሁለቱ መሰበር እኩል አይታይም።

አደጋው ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ባዜቃን መንካት ወይም መዋጥ ነው። ፈሳሹ ብረት ግን ጤነኛ አንጀት ውስጥ ሲገባ ከሞላ ጎደል ሳይመጠጥ ያልፋል፤ በቆዳም የሚገባው ጥቂት ነው። የሚጎዳው ትነቱ ነው። ሲተነፈስ 80 በመቶው ገደማ ከሳንባ ወደ ደም ያልፋል። ትነቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የሚሠራው ሰው ምን ያህል እንደተነፈሰ አያውቅም።

በ20 ዲግሪ ሙቀት በትነቱ የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 13 ሚሊ ግራም ያህል ባዜቃ ይይዛል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ይህ መጠን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ያስቀመጠው ገደብ ደግሞ በሜትር ኩብ 0.025 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ በትነት የጠገበ ክፍል ከገደቡ 500 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ነገሩ በአንድ ክፍል ስሌት ግልጽ ይሆናል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ላቦራቶሪ 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መስኮቱ ከተዘጋ፣ የክፍሉን አየር እገደቡ ላይ ለማድረስ 1.25 ሚሊ ግራም ባዜቃ መትነኑ ይበቃል። ይህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስፋት ያላት አንዲት ጠብታ ናት፤ በጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ብትገባ ማንም አያያትም።

መበታተኑም ችግሩን ያባብሰዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠብታ አንድ ሚሊ ሜትር ወደሚያክሉ ጠብታዎች ቢሰባበር ሺህ ጠብታዎች ይወጡታል። ክብደቱ ያው ነው፤ አየር የሚነካው ገጽ ግን አሥር እጥፍ ስለሚሰፋ ትነቱም በዚያው ልክ ይፈጥናል።

በሰውነት ውስጥ

ወደ ደም የገባው ትነት ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው አንጎልን ከደም የሚለየውን አጥር ያልፋል፤ በእርጉዝ ሴት ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በሕዋሳት ውስጥ ወደ አዮን ተለውጦ ይቀራል። ዋና ማረፊያዎቹ አንጎልና ኩላሊት ናቸው። ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ስለሚፈጅ በየቀኑ በጥቂቱ የሚተነፈሰው ይጠራቀማል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ትነት የተነፈሰ ሰው ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት ይይዘዋል፤ ሳንባውም ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ለወራት ወይም ለዓመታት በጥቂቱ የተነፈሰው ላይ ምልክቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፦ የጣት መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የድድ ማበጥ፣ ምራቅ መብዛት፣ መርሳት። ጠባይም ይለወጣል፤ ሰውየው ዓይን አፋር፣ ቁጡና ተጠራጣሪ ይሆናል። የእጅ ጽሑፉ መንቀጥቀጡን ከሌሎች ምልክቶች ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል።

ሳይንቲስቶችም ከዚህ አላመለጡም። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ የቦሮንና የሲሊኮን ሃይድራይዶችን የሚያጠናው በባዜቃ በሚሠሩ ቫልቮችና ፓምፖች ነበር። ለዓመታት የራስ ምታት፣ የማዞርና የመርሳት ሕመም ሲያሠቃየው ቆይቶ መንስኤው የላቦራቶሪው አየር መሆኑን ደረሰበት። በ1926 የራሱን ሕመም ዘርዝሮ በማሳተም የሙያ ጓደኞቹን አስጠነቀቀ፤ የቀረ ዘመኑንም በአየር ውስጥ ያለን ጥቂት ባዜቃ የሚለኩ ዘዴዎችን በማሻሻል ላይ አዋለ።

ውህዶቹ

ፈሳሹ ብረትና የባዜቃ ውህዶች በአደገኛነት አይመሳሰሉም። እንደ ሜርኩሪክ ክሎራይድ ያሉ ጨዎች ሲዋጡ አንጀትን ያቃጥላሉ፤ ኩላሊትንም ያበላሻሉ። ከሁሉ የሚከፉት ባዜቃ ከካርቦን ጋር የተጣመረባቸው ናቸው። በጃፓን ሚናማታ የቺሶ ኩባንያ ወደ ባሕር በለቀቀው ፍሳሽ ውስጥ የነበረው ሜቲልሜርኩሪ በዓሣ አማካይነት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ጎዳ፤ በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው።

በላቦራቶሪ ትልቁን ትምህርት የሰጠው የካረን ዌተርሃን ሞት ነው። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ዌተርሃን ሙያቸው የመርዛማ ብረታ ብረት ጥናት ነበር። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ትነትን ስቦ በሚያስወጣው ፊውም ሁድ ሥር ሆነው ዳይሜቲልሜርኩሪ ሲቀዱ ጥቂት ጠብታ የላቴክስ ጓንታቸው ላይ አረፈ። ምልክቱ የታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ሰኔ 8 ቀን 1997 በ48 ዓመታቸው አረፉ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ውህዱ ላቴክስን በ15 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያልፍ አሳየ። ለፈሳሹ ብረት የናይትራይል ጓንት ይበቃል፤ ለእንዲህ ያሉ ውህዶች ግን ተደራራቢ ፕላስቲክ የተነባበረበት ልዩ ጓንት በወፍራም ጓንት ሥር ይደረጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በሌላ ኬሚካል መተካት ነው።

በሥራ ጊዜ

የአያያዙ ደንብ ሁሉ ባዜቃው እንዳይተን፣ ከተነነም ወደ ትንፋሽ እንዳይደርስ ለማድረግ የወጣ ነው። ክፍት ባዜቃ የሚነካው ፊውም ሁድ ሥር ነው። ከመሣሪያው በታች ጠርዙ ከፍ ያለ የፕላስቲክ ትሪ ይቀመጣል፤ ጠብታ ቢያመልጥ ወለል አይደርስም። ወለሉ ስንጥቅና መጋጠሚያ የሌለው መሆን አለበት፤ ምንጣፍና የጣውላ ወለል አይሆኑም። ምድጃ፣ የፀሐይ ብርሃንና የሞቀ መሣሪያ ይራቃሉ። የወርቅና የብር ጌጥ አስቀድሞ ይወልቃል፤ ባዜቃ ከሁለቱም ጋር ይዋሃዳል።

ጠርሙሱ በጥብቅ ይከደናል፤ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ከወገብ ዝቅ ባለ መደርደሪያ በትሪ ውስጥ ይቀመጣል። ግማሽ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ ስትሞላ ወደ 7 ኪሎ ትጠጋለች፤ ያልጠበቀ እጅ በቀላሉ ይጥላታል። ስለዚህ ከአንገቷ ሳይሆን ከሥሯ ተደግፋ ትያዛለች። አሞኒያ፣ አሴቲሊንና አዛይድ አጠገቡ አይቀመጡም፤ ከባዜቃ ጋር የሚፈነዱ ውህዶች ሊፈጥሩ ይችላሉ። አሉሚኒየምም ይራቃል፤ ባዜቃ መከላከያ ሽፋኑን አልፎ ይሸረሽረዋል።

የጨርቅና የአቧራ ጭንብል ትነቱን አያግድም። ጭንብል የሚያስፈልግ ከሆነ ለባዜቃ ትነት ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት።

ሲፈስ

መጀመሪያ ሰዎች ይወጣሉ፤ ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚያስገባው በር ይዘጋል፤ ወደ ውጭ የሚከፈተው መስኮት ይከፈታል፤ ማሞቂያ ካለ ይጠፋል። ጫማውና ልብሱ የነካ ሰው እዚያው ያወልቃል፤ እርምጃው ጠብታውን ወደ ሌላ ክፍል ይወስዳል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ወደ ክፍሉ አይመለሱም።

የቴርሞሜትርን ያህል ከሆነ የሠለጠነ ሰው ጓንት አጥልቆ ሊያጸዳው ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ ባለሙያ ይጠራል። የብርጭቆው ስብርባሪ በጥንቃቄ ይለቀማል። ጠብታዎቹ በሁለት ጠንካራ ወረቀት ከዳር ወደ መሃል ተገፍተው ይሰበሰባሉ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅም ይሳባሉ። የደቀቁት በሚያጣብቅ ፕላስተር ይነሳሉ። የቀረ እንዳለ ለማየት ክፍሉ ይጨልምና ባትሪ ወለሉ ላይ አግድም ይበራል፤ ያመለጠች ጠብታ ታበራለች። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ላይ የድኝ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ድኝ ከባዜቃው ገጽ ጋር ተዋህዶ ትነቱን ይቀንሳል፤ ዱቄቱም በኋላ ከቆሻሻው ጋር ይነሳል።

የማይደረጉት ነገሮች ከሚደረጉት አያንሱም። መጥረጊያ ጠብታውን ያደቅቀዋል። ቫኪዩም ክሊነር ባዜቃውን አሙቆ ትነቱን በክፍሉ ይረጫል፤ መሣሪያውም ከዚያ ወዲያ የትነት ምንጭ ይሆናል። ሲንክ ውስጥ የፈሰሰ ባዜቃ በቧንቧው ጉብጠት ሥር ይተኛል። የነካ ልብስ በማሽን አይታጠብም፤ የነካ ነገርም አይቃጠልም።

ትነት የተነፈሰ ሰው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይወሰዳል። ቆዳ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ዓይን በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይለቃለቃል። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ለፈሳሹ ብረት ትነት ተጋልጠው የቆዩ ሰዎች የሚመረመሩት በሽንት ነው፤ ለሜቲልሜርኩሪ ደም ወይም ፀጉር ይመረመራል። ባዜቃን ከሰውነት የሚያወጡ እንደ ሳክሲመር ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

ማስወገድና መተካት

የተሰበሰበው ባዜቃ፣ የነካው ወረቀት፣ ፕላስተርና ጓንት ጭምር በማይሰበር ዕቃ ተከድኖ፣ ምልክት ተለጥፎበት ለአደገኛ ቆሻሻ አስወጋጅ ይሰጣል። ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ከገባ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለውጡታል፤ በዓሣ በኩልም ተመልሶ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

በ2013 የጸደቀውና ከነሐሴ 16 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት፣ ተዋዋይ አገሮች የባዜቃ ቴርሞሜትሮችንና የደም ግፊት መለኪያዎችን ማምረት፣ ማስገባትና መላክ እስከ 2020 እንዲያቆሙ ደንግጓል፤ ውስን የጊዜ ማራዘሚያና ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉት። ለአብዛኛው ሥራ የአልኮል ቴርሞሜትር፣ የዲጂታል መለኪያና የኤሌክትሮኒክ ግፊት መለኪያ ይበቃሉ። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ግን በየመሳቢያው አሉ። ስለዚህ ላቦራቶሪ የባዜቃ መሣሪያዎቹን ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ሳይሰበሩ ይሰበስባቸዋል፤ በሌላ ይተካቸዋል፤ እስከዚያም ጓንት፣ ሲሪንጅ፣ ፕላስተር፣ የድኝ ዱቄትና የሚከደን ዕቃ አዘጋጅቶ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጣል።