እርግዝናና የመገጣጠሚያ ብግነት፤ ዕረፍቱ እስከ መቼ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ በእርጅና ከሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ይለያል። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራሱን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ የመገጣጠሚያዎችን ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ የሚከሠት ብግነት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያዘወትራል፤ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉትንም አያልፋቸውም።

በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ አስገራሚ ትዝብት አሳተመ። ሕሙማኑ ሲያረግዙ ወይም የወፍ በሽታ ሲይዛቸው የተሳሰረው መገጣጠሚያቸው ይፍታታ ነበር። ይህን የሚያደርግ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ መኖር አለበት በሚል እሳቤ ከባዮኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ጋር ያካሄደው ፍለጋ በ1948 ኮርቲዞንን ለሕክምና አበቃ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የ1950ውን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ለመሆኑ እርግዝና በሽታውን ስለ ምን ያለዝበዋል? የፅንሱ ግማሽ የዘር ውርስ ከአባቱ የመጣ በመሆኑ ለእናቲቱ ሰውነት ባዕድ ነው። ፅንሱ እንዳይጠቃ የመከላከያ ሥርዓቱ ጠባዩን ይለውጣል፤ ይኸው ለውጥ መገጣጠሚያዎችንም እንደሚያሳርፍ ይታመናል። ሆኖም ዕረፍቱ ለሁሉም አይደርስም። በ2008 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሕመሙ ከነበረባቸው መካከል የተሻላቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከፅንሰት በፊት መጀመር አለበት። ሜቶትሬክሴት የተባለው ዋነኛ መድኃኒት ፅንስን ሊያስወርድ ወይም የአካል ጉድለት ሊያስከትል ስለሚችል ከአንድ እስከ ሦስት ወር አስቀድሞ ይቆማል። ሃይድሮክሲክሎሮክዊን፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር የሚወሰድ ሰልፋሳላዚን፣ እንዲሁም አነስተኛ መጠን ያለው ፕረድኒሶሎን ግን በሐኪም ክትትል ሊቀጥሉ ይችላሉ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን የደም ሥር ያለ ጊዜው ሊዘጉት ስለሚችሉ አይወሰዱም። በፍርሃት መድኃኒትን ሁሉ ማቋረጥም ጉዳት አለው፤ ያልተገታ ብግነት ሕፃኑ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ወይም ክብደቱ እንዲያንስ ሊያደርግ ይችላልና።

ከወሊድ በኋላ በሽታው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገረሻል። በዚያን ጊዜ እናት የምታጠባ ከሆነ ሜቶትሬክሴት አይፈቀድላትም፤ ለጡት ወተት የሚስማማው አማራጭ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በአገራችን የአራስ የመገጣጠሚያ ሕመም «ብርድ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ነገር ግን ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ጠዋት ጠዋትም ለረጅም ጊዜ የማይታጠፍ ጣት ምርመራ ያሻዋል። አንድ ጊዜ የተበላ አጥንት ወደ ቀድሞው መልኩ አይመለስምና።