የሞተር ተጓዡ መኝታ፤ የነገው ጉዞ ስንቅ

በሞተር ብስክሌት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጎማውን ያያል፤ ፍሬኑን ይፈትሻል፤ ዘይትና ነዳጁን ይለካል። ለመስክ ሥራም ሆነ አገር ለማየት ወጥቶ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ከሆነ ግን እኩል ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ፤ መኝታው ነው።

ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ወይም ጎኑን ሲቆረቁረው ያደረ ሰው ጠዋት መሪ የሚይዘው በደከመ አእምሮ ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0 ነጥብ 05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በመኪና ውስጥ ያለ ሰው ቢያሸልብ ቀበቶውና የመኪናው አካል በመጠኑ ይከላከሉለታል። በሁለት ጎማ ላይ ላለ ሰው ግን የአፍታ ማሸለብ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት እንዳለበት የሚሰጠው ምክር በጉዞ ላይም አይቀየርም።

መኝታ የሚመረጠው በሚታደርበት ቦታ ነው

በአገራችን በአንድ ቀን የሞተር ጉዞ ከውርጭ ወደ ቆላ መውረድ ይቻላል። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መንገዱ ከባህር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን አምባ አቋርጦ፣ የሐረና ጫካን አልፎ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ወዳለው ሞቃት ስፍራ ይወርዳል። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በሳነቴ የበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ በቆላው ደግሞ የሚያሳስበው የወባ ትንኝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው መኝታ ርካሽ ነው?» ሳይሆን «የት ነው የማድረው?» የሚለው ነው።

ከላይ ከሚደረበው ይልቅ ከስር የሚነጠፈው

ብዙ ሰው ብርድን የሚከላከለው ብርድ ልብስ በመደራረብ ነው። ይሁንና ቀዝቃዛ መሬት ከስር የሰውነትን ሙቀት ይስባል። የተኛንበት ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ ያ አየር ነው። አባቶቻችን በጉዞ ላይ አጎዛ አንጥፈው ይተኙ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። የበጉ ፀጉር አየር ይዞ ከመሬቱ ቅዝቃዜ ይለያቸው ነበር።

ዛሬ በቀላሉ ለመሸከም የሚመቹት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚጠቀለል ወይም የሚታጠፍ ጠንካራ ስፖንጅ ምንጣፍ ነው። ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ክብደት ያለው ይገኛል፤ እሾህ ቢወጋውም አይበላሽም። ሆኖም ስስ በመሆኑ በጎናቸው ለሚተኙና ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች አይመችም። ሁለተኛው በአየር የሚነፋ ቀላል ፍራሽ ነው። ሲታጠፍ ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ምቾቱም የተሻለ ነው። ድክመቱ መበሳቱ ስለሆነ ከስሩ ሸራ ማንጠፍና መለጠፊያ መያዝ ያስፈልጋል። እስኪደርቅ ድረስ መንፋት አይገባም። በጎን ሲተኙ ዳሌ መሬት የማይነካ ከሆነ ልኩ እርሱ ነው። በፍራሹ ላይ የሚጻፈው «አር-ቫልዩ» የተባለ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቅዝቃዜን የመከላከል አቅሙም ይጨምራል። ለቆላ 2 ገደማ ሲበቃ፣ ውርጭ ላለበት ደጋ 4 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል።

የመኝታ ከረጢት እና ጋቢ

በዚፕ የሚዘጋው የመኝታ ከረጢት (ስሊፒንግ ባግ) ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት የሙቀት መጠኖች ይጻፋሉ፤ ምቹ፣ ወሰንና አደገኛ። ሲገዙ መታየት ያለበት «ምቹ» የሚለው ነው። «አደገኛ» የሚለው በሕይወት ለማደር እንጂ ለመተኛት የሚሆን ልክ አይደለም። በወፍ ላባ የተሞላው ቀላልና ሞቃት ቢሆንም ሲርስ ሙቀት መያዝ ያቆማል። በሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላው ትንሽ ቢከብድም እርጥበትን ይቋቋማል፤ ለክረምት ጉዞ ይሻላል። ጋቢም በደረቅ ሌሊት ጥሩ መደረቢያ ነው፤ ጥጥ በመሆኑ ግን ከረጠበ ያበርዳል።

አጎበር አይረሳ

ከ2 ሺህ ሜትር በታች ባሉ ወባማ አካባቢዎች፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከመኝታው አይለይም። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ካላዛር በሚገኝባቸው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላዎች ደግሞ በግራር ዛፍ ሥርና በኩይሳ አጠገብ መተኛት አይመከርም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ስለምታንስ የአጎበሩ ቀዳዳ በጣም ደቃቅ መሆን አለበት። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው በድካም ሳያመካኝ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ይመርመር።

አጫጫን እና ጥንቃቄ

ድንኳን፣ ምንጣፍ፣ የመኝታ ከረጢትና አጎበር በጥንቃቄ ከተመረጡ አምስት ኪሎ ገደማ ሊሆኑ ይችላሉ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ አሽከርካሪው ይጠጋ፤ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀልና ሞተሩን ያወዛውዛል። መኝታው ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይታሰር።

ሲመሽ በጉዞ ላይ በላብ የረጠበውን ልብስ አውልቆ ደረቅ መልበስ፣ ራስን መሸፈንና ትኩስ ምግብ መመገብ ይጠቅማል። ትርፍ ልብስ ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች በጉልበታቸው መሃል ቢያደርጉት ይቀላቸዋል። አልኮል የሚያሞቅ ቢመስልም ሰውነት ሙቀቱን እንዲያጣ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ የከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።

በመጨረሻም አዲስ የተገዛን መኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ በረሃ ላይ መሞከር ብልህነት አይደለም። አንድ ሌሊት በግቢ ወይም በበረንዳ ተኝተው ይሞክሩት። የሚቆረቁር ወይም የሚያበርድ ከሆነ መፍትሔው ከቤት ሳይርቁ ይገኛል። በመንገድ ላይም እንቅልፍ ከተጫነዎት ቆመው ይረፉ፤ ዘግይቶ መድረስ ከአለመድረስ ይሻላል።

መልካም ጉዞ፤ መልካም እንቅልፍ!