የጨርቅ አንቴናና የእርጥበት ነገር

በልብስ ላይ የሚሰፋ አንቴና አለ ቢባል፣ የሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮት ገበር ውስጥ የተሸሸገ የመዳብ ሽቦ በዓይነ ሕሊናው ይስልና ነገሩን የተረዳው መስሎት ያልፋል። እኔ ግን ይህን ጥበብ ከወደድሁት ጀምሮ እንዲህ ያለውን አስተያየት በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ በጨርቅ አንቴና ጨርቁ የብረቱ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ራሱ የአንቴናው አካል ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከላይ በልክ የተቆረጠ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ጨርቅ፣ ከመካከል የማያስተላልፍ ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ከታች ደግሞ ከላይኛው የሰፋ ሌላ አስተላላፊ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ይህም የታችኛው ሞገዱ ወደ ለባሹ ገላ እንዳይዘልቅ ይጋርዳል። አስተላላፊው ብር የተለበጠ የናይለን ክር፣ ወይም መዳብና ኒኬል የተቀባ ጨርቅ ነው። ብረትን ከክር ጋር ማዋሐድ፣ የካህናትን ካባ በወርቀ ዘቦ አጊጦ ላየ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በጥልፍ የሚሠራ ሰው ግን የስፌቱ አቅጣጫ ጅረቱ የሚሄድበትን መንገድ እንዲከተል ያድርግ፤ አለዚያ ጅረቱ ከክር ወደ ክር እየተሻገረ ኃይሉን በሙቀት ያባክነዋል።

አሁን ወደምወደው ወደ መካከለኛው ጨርቅ እንመለስ። ማናቸውም ነገር በውስጡ የሚያልፈውን የሬዲዮ ሞገድ ምን ያህል እንደሚያዘገየው የሚገልጽ የራሱ ቁጥር አለው፤ የባዶ ሕዋ ቁጥር 1 ሲሆን፣ ሳይፈተልና ሳይሸመን ጭረቱ ተጠቅጥቆ የሚሠራው ፌልት፣ አብዛኛው ክፍሉ አየር ስለሆነ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ባለው መካከል ይገኛል፤ የውኃ ግን ወደ 80 ይጠጋል። እንግዲህ ጥቂት እርጥበት በጭረቶቹ መካከል በገባ ጊዜ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስተውል፤ ብሉቱዝና ዋይፋይ ለሚሠሩበት ለ2.45 ጊጋኸርዝ የተለካ አንቴና፣ የጨርቁ ቁጥር ከ1.3 ወደ 1.5 ከፍ ቢልበት፣ ወደ 2.28 ገደማ ይወርዳል፤ የተፈቀደለት መስመር ከ2.4 እስከ 2.4835 ብቻ ስለሆነ፣ ብሩ ሳይነካ፣ ስፌቱም ሳይተረተር፣ አንቴናው ከመስመሩ ወጥቶ ሥራውን ያጓድላል። አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ እርጥበት ሲኖረው፣ ሱፍ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል፣ ጥጥም 8 በመቶ ያህል ውኃ ሲጠጣ፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ሳለሁ እንኳ ልብ አላልሁትም ነበር። የመጀመሪያዬን አንቴና ልስላሴውን ወድጄ ከሱፍ ፌልት የሠራሁት በየካቲት ወር፣ አዲስ አበባ በደረቅ ፀሐይ ላይ ሳለች ነበር፤ በመለኪያው መሣሪያ ላይም በተመኘሁት ቦታ ተገኘ። በሐምሌ ዝናቡ ሳያባራ አውጥቼ ብለካው ግን ወደ ታች ሸሽቶ አገኘሁትና፣ ስፌቱን በሙሉ ፈትቼ ጥፋቱን ከክሩ ስፈልግ ሁለት ቀን ዋልሁ፤ ክሩም አንዳች ጉድለት አልነበረበትም።

በቤልጅግ አገር፣ በጌንት ዩኒቨርሲቲ፣ ካርላ ሄርትሌርና ሄንድሪክ ሮጊየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ልብስ የሚስማማ አንቴና ሠርተው በ2009 በፈረንጅ አቆጣጠር አሳትመዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ ለመካከለኛው ክፍል አዲስ ነገር ከመሻት ይልቅ፣ በዚያው የሙያ ልብስ ውስጥ አስቀድሞ ሰውን ለመከላከል የሚገባውን ስፖንጅ መምረጣቸው ነው፤ እጁ በውኃ ቱቦ የተያዘበት፣ ላቡም ከውስጥ ውኃውም ከውጭ የሚያረጥበው ሰው፣ መልእክቱ እንዳይቋረጥበት ከልብሱ የተለየ ሸክም አልጨመሩበትምና። እነዚሁ ሊቃውንት የእርጥበትን ነገር ለብቻው መርምረው ጽፈውበታል፤ በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ ያን ጽሑፍ ሳያነብ መቀስ ባያነሣ እወዳለሁ።

መቀስን ካነሣሁ ዘንድ፣ በደነዘዘ መቀስ የሚቆርጡትን ልወቅሳቸው ይገባኛል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ጨርቅ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሳሳት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ያዛንፈዋል፤ የተተለተለም ጠርዝ ልክ የለውም። ልብሱንም በበረኪና የሚያጥቡት፣ በአንቴናው ላይ አጥፈው የሚተኩሱት፣ የብሩን ልባጥ እየፋቁ መሆናቸውን ይወቁ።

የእኔን አንቴና በተመለከተ፣ የላዩንና የታቹን ጨርቅ እንደነበረ ትቼ፣ የመካከሉን ሱፍ ብቻ አውጥቼ በፖሊስተር ፌልት ተካሁት፤ ቁጥሩም እንደ ሱፉ ስላልነበረ የላይኛውን ልክ እንደገና አስተካከልሁ። በሚቀጥለው ክረምት፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ መሣሪያውን አሙቄ ለካሁት፤ መርፌው ያመለከተው በየካቲት ካመለከተው ብዙም አልራቀም ነበር።