ነጭ ወይን ጠጅ፦ ከመግዛት በፊት መቅመስ የሚያውቅ ነጋዴ አይከስርም

በይፋት ቆላ ንግድ የትናንት ጅምር አይደለም። ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባሉት ዓመታት፣ የሸዋ ዋና የገበያ ከተማ ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ የሚነሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚራገፉት እዚያ ነበር። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ሙስሊሞች ስለነበሩ ወይን ጠጅ በዚያ ገበያ ቦታ አልነበረውም። ጨውም ሆነ ቡና ግን በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳሶ፣ ካስፈለገም ተቀምሶ ነው ዋጋ የሚቆረጥለት። ዛሬም ማሾ የሚገዛ ደላላ ፍሬውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ሳያይ ዋጋ አይጠራም።

ይሁንና ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ወደ መጠጥ ንግድ ሲገባ ጥንቃቄውን በር ላይ ጥሎት የሚገባበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሆቴል የከፈተ ባለሀብት ነጭ ወይን ጠጅ በካርቶን ሲገዛ የሚያየው መለያውንና የደረሰኙን ድምር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ደንበኛው ብርጭቆውን ሲመልስለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው ገበያው ስለተለወጠ ነው። መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ የአልኮል መጠጦች በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ማሻሻያ ጋር ተነሥቷል። እገዳው በነበረበት ጊዜ የአገር ውስጥ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ብዙም ተቀናቃኝ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ግን ከውጭ ከሚገባው ጎን ተደርድሮ መመዘኑ የማይቀር ሆኗል። መመዘኛው ደግሞ ምላስ ነው።

ከዝዋይ የሚመጣው ጠርሙስ

በአገራችን ነጭ ወይን ጠጅ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አዲስ አበባ የሚገኘውን የአዋሽ ፋብሪካንና «አዋሽ ክሪስታል»ን ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ገበያውን ይዞ የኖረ ፋብሪካ በመሆኑ ይህ አያስደንቅም። ለቅምሻ ትምህርት ግን የሚመቸው ኋላ የመጣው የዝዋይ ፋብሪካ ነው። ምክንያቱም አንዱን ነጭ ወይን ጠጅ የወይን ዝርያውን ስም ጠርሙሱ ላይ ጽፎ ስለሚያወጣ ነው።

የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በዝዋይ (ባቱ) ያለማው እርሻ 120 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ የተተከለበት ችግኝም ከፈረንሳይ ቦርዶ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት በ2006 ዓ.ም. ነበር። ፋብሪካው በሁለት ስም ይታወቃል። «ሪፍት ቫሊ» በዝርያ ስም የሚሸጠው ሲሆን ከነጮቹ ሻርዶኔ የሚገኘው በዚህ ነው። «አካሲያ» ደግሞ ዋጋው ቀለል ብሎ ለብዙኃኑ የተዘጋጀ ሲሆን ከፊል ጣፋጭ ነጭም አለው። እነዚህን ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መቅመስ ለነጋዴ ከአንድ ወር ወሬ ይበልጣል። እርሻውና ፋብሪካው አንድ በመሆናቸው፣ የሚገኘው የጣዕም ልዩነት የመጣው ከዝርያውና ከአሠራሩ መሆኑን ለመረዳት ያስችላል።

ነጭ ወይን ጠጅ ከቀዩ የሚለየው በአጠማመቁ ነው። ቀዩ ከነልጣጩ ይፈላል፤ ቀለሙንም አፍ የሚይዘውንም ነገር የሚያገኘው ከልጣጩ ነው። ነጩ ግን ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ይፈላል። ስለዚህ የሚደበቅበት ቦታ የለውም፤ ጉድለት ካለበት ቶሎ ይጋለጣል።

በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በምላስ

የቡና ቀማሾችን ሥራ የሚያውቅ ሰው የወይን ጠጅ ቅምሻ አይከብደውም። ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው።

አንደኛው ዓይን ነው። ብርጭቆው እስከ ሲሶው ብቻ ተሞልቶ ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ይደረጋል። ገና ለጋ የሆነ ነጭ ወይን ጠጅ እንደ ገለባ የነጣ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ ጥላም ሊኖረው ይችላል። በእንጨት በርሜል የቆየ ከሆነ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። ለጋ ተብሎ የተሸጠው ጠርሙስ ወደ ቡናማ ከዞረ ግን አየር ገብቶበታል ወይም ሙቀት መትቶታል።

ሁለተኛው አፍንጫ ነው። ብርጭቆው ዞር ዞር ተደርጎ ይሸተታል። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ የተቀዱ የባዕድ አገር ፍሬዎችን መጥራት አያስፈልግም፤ የይፋት ሰው የሚያውቀው በቂ ነው። በቀዝቃዛ አገር የበቀለ ሻርዶኔ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ይሸታል። በሞቃት አገር የበቀለው ደግሞ ወደ ኮክ፣ ወደ ማንጎ፣ ወደ አናናስና ወደ ሙዝ ያደላል። ዝዋይ ፀሐይዋ የበዛ ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ይህም የፍሬው ኮምጣጣነት ተሟጦ እንዳያልቅ ያግዛል። በመሆኑም ከእንዲህ ዓይነት ሥፍራ በመጣ ሻርዶኔ የሚፈለገው የበሰለ ፍሬ ሽታ ከሎሚ ጋር ተደምሮ ነው።

ከፍሬው ሽታ ሌላ ከፋብሪካው የሚመጣ ሽታም አለ። ጠማቂው ስለቱ የበረታውን ኮምጣጣ አሲድ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ለስላሳው፣ እርጎ ውስጥ ወደሚገኘው ዓይነት አሲድ እንዲለወጥ ካደረገ የቅቤ ሽታ ይመጣል። በኦክ በርሜል ካቆየው ቫኒላ ይሸታል። ሻርዶኔ በራሱ ጎልቶ የሚጮህ ሽታ የሌለው ዝርያ ስለሆነ የተደረገለትን ሁሉ ያሳያል።

ሦስተኛው ምላስ ነው። ጉንጭ ውስጥ ጥቂት ይዞ አራት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ጣፋጭነቱ ምን ያህል ነው? ኮምጣጣነቱ ምራቅ ያመጣል? አልኮሉ ጉሮሮ ያቃጥላል? ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይጠፋል? ጥሩ ነጭ ወይን ጠጅ ከአራቱ አንዱ ሌላውን ሳይጫን ተመዛዝኖ የሚገኝበት ነው።

«ደረቅ» እና «ጣፋጭ»

በሆቴል ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ ከሚያስመልሱት ነገሮች አንዱ ይህ ልዩነት በአስተናጋጁ አለመታወቁ ነው። ደረቅ የሚባለው ስኳሩ በሙሉ ለማለት ይቻላል ፈልቶ ወደ አልኮል የተለወጠ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር የቀረበት ደረቅ ይባላል፤ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል። ከ12 እስከ 45 ግራም የሚደርሰው ከፊል ጣፋጭ ነው።

ጠጅ የለመደ ደንበኛ ደረቁን ሲቀምስ «ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሊመልስ ይችላል። የጠጅን ጣፋጭነት የሚያስታግሰው የጌሾ ምሬት ሲሆን፣ ወይን ጠጅን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ኮምጣጣነቱ ነውና። ጠርሙሱ አልተበላሸም፤ ለተሳሳተ ሰው ቀርቧል። ለዚህ ደንበኛ ከፊል ጣፋጩን ማቅረብ ያዋጣል። በበርበሬ ለተሠራ ወጥም የሚስማማው እሱ ነው፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ሲያብሰው፣ ጥቂት ስኳር ያበርደዋል። ደረቁ ሻርዶኔ ደግሞ ለተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ወይም ብዙ ቅመም ላልገባበት ዶሮ ጥብስ ይሆናል።

የቆላው ፈተና

የይፋት ነጋዴ ከሁሉ በላይ ሊፈራው የሚገባው ተፎካካሪን ሳይሆን ሙቀትን ነው። ሸዋ ሮቢት ከዝዋይ እንኳን ዝቅ ያለች ቆላ ናት። ወይን ጠጅ በደህና የሚቀመጠው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ለሳምንታት የቆየ ካርቶን መለያው አዲስ ቢሆንም ውስጡ አርጅቷል፤ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ቡሹን ገፍቶ አየር ያስገባል። ስለዚህ ገዢ ሲረከብ ሦስት ነገር ይይ፦ ቡሹ ከአንገቱ ወጣ ብሎ እንደሆነ፣ የመፍሰስ ምልክት እንዳለ፣ የፈሳሹ ከፍታ ከጠርሙስ ጠርሙስ የተለያየ እንደሆነ። ከዚያም ከጭነቱ አንድ ጠርሙስ በሻጩ ፊት ይክፈት።

ሲከፈት የሚታወቁ ጉድለቶች ጥቂት ናቸው። የሻገተ ከረጢት ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል። የሆምጣጤ ሽታ ካለው ባክቴሪያ ገብቶበታል። ቀለሙ ጠቁሮ የተቀጠቀጠ ፖም ከሸተተ አየር በልቶታል። የክብሪት ሽታ ግን የመጠበቂያው የድኝ ውሕድ ስለሆነ ብርጭቆው ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ምርመራ መደረግ ያለበት ጠርሙሱ በረዶ ሳይሆን ነው፤ ከልክ በላይ የቀዘቀዘ መጠጥ መልካሙንም ክፉውንም ይደብቃል። ለደንበኛ ሲቀርብም ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ሒሳቡ አለ። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ150 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። ባለ ሆቴሉ የብርጭቆውን ዋጋ የሚተምነው የጠርሙሱን መግዣ ለ5 አካፍሎ ትርፉን በመጨመር ከሆነ፣ ሁለት ብርጭቆ ሸጦ ቀሪው ሲበላሽ በኪሣራ ይዘጋል። የተከፈተ ነጭ ወይን ጠጅ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። በመሆኑም ቀኑን ሙሉ ሁለት ብርጭቆ ብቻ የሚጠየቅበት ቤት የመግዣውን ዋጋ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ብርጭቆዎች ቢመልስ ይሻለዋል፤ ያ የማይቻል ከሆነ በጠርሙስ ብቻ መሸጥ አለበት።

አንድ ጠርሙስ ለቅምሻ መክፈት ወጪ ነው ብለው የሚሸሹ አሉ። ሳይቀምሱ የገዙት ካርቶን ግን በየጠረጴዛው እየተከፈተ መመለሱ አይቀርም። ያኔ ቀማሹ ደንበኛው ይሆናል፤ የቅምሻውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው።