ስም ከማውጣትዎ በፊት

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ተወልዶልዎት የምሥራቹን ለዘመድ ለማድረስ ከደሴ ወደ ገራዶ የወረዱ እንደ ሆነ፣ ገንፎው ሳይበርድ ስሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። አያት አንድ ስም አላት፤ አክስት ሌላ፤ ጎረቤትም ዝም አይል። እርስዎም በወረቀት ጽፈው በኪስዎ የያዙት ይኖራል። ከዚህ ሁሉ አንዱን መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመርጡት ስም ከእርስዎ ዕድሜ በኋላም የሚኖር ነውና ጥቂት ማሰብ ይገባል።

ወሎ ውስጥ ስም ብቻውን የሰውን ሃይማኖት አይነግርም። አባቱ መሐመድ ልጁ ጌታቸው፣ አያቱ ይማም የልጅ ልጁ ተስፋዬ የሆነ ሰው በደሴም በኮምቦልቻም ብርቅ አይደለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረበት አገር ስለ ሆነ ስሙም እንደ ዝምድናው ተቀላቅሏል። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ሲያስጠምቅ የክርስትና ስም ይወጣል፤ ሙስሊሙ በ7ኛው ቀን አቂቃ አርዶ ስም ያወጣል። የሠፈሩ መጠሪያ ግን ብዙ ጊዜ እናት ወይም አያት ያወጣችው ሌላ ስም ነው።

እርግጥ ስም ሁልጊዜ በፍቅር አልተሰጠም። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ግፊት ክርስትና ሲነሡ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እኚህ ናቸው። ዛሬ ግን የሚያዝዝዎ የለም፤ ምርጫው የራስዎ ነው።

ወላጅ በልጁ ስም የሚናገረው ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው። ሕፃን የሞተባት እናት ቀጥሎ የተወለደውን ምትኩ፣ ካሣ ወይም ማስረሻ ትለዋለች። ይህን የምነቅፍበት ልብ የለኝም፤ ስሙ ዕንባ አብሷልና። በመሬት ክስ የተቃጠለ አባት ግን ልጁን በላቸው ወይም ናደው ብሎ ለባላጋራው መልእክት ይሰድዳል። ክሱ በዕርቅ ያልቃል፤ ባላጋራውም አንድ ቀን ይሞታል፤ ልጁ ግን አድጎ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጦ፣ ዝንብ እንኳ ሳይገድል፣ ዕድሜውን ሙሉ በላቸው ሲባል ይኖራል። የአባትን ጠብ ለሕፃን ማሸከም ተገቢ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ ስሙ በልጁ አያበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ልማዱ ግን አሸነፈው። ዛሬም የአባታችን ስም ሁለተኛ፣ የአያታችን ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ለወንድ ልጅዎ የሚያወጡት ስም ነገ የልጅ ልጅዎ የአባት ስም ነው። ይኸው ሕግ ስም ማውጣትን ለአባት ሰጥቶ፣ እናት ሌላ ስም ልትጨምር እንደምትችል ደንግጓል፤ በየቤታችን የሚጸናው ግን የማን እንደ ሆነ እርስዎ ያውቁታል።

ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ምን እንደሚሉም ያድምጡ። የባለቅኔው የመንግሥቱ ለማ ስም ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው፤ መንግሥቱ ለምቷል ይላል። ቆየ የሚባል አባት ልጁን ደስታ ብሎ ቢጠራው ደግሞ፣ አንዱ ደስታ ኖረ፣ ሌላው ደስታ ዘገየ ብሎ ያነበዋል።

የቀረው የጽሕፈት ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በመዝገቡ ላይ ዓለሙ አለሙ፣ ኃይሉ ሀይሉ ተብሎ ቢጻፍ ጆሮ አይለየውም። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን በትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ በፋይዳው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ሆኖ ይወጣና፣ ሰውየው እሱ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። እንግዲህ ልጅዎን ሲያስመዘግቡ ጸሐፊው የጻፈውን ከመፈረምዎ በፊት ፊደል በፊደል ያንብቡት፤ ለትምህርት ቤቱም ለፓስፖርቱም ያንኑ ይስጡ።