የተፈናቀለ ተማሪ የተማረበት ዓመት እንዳይባክን

በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ያሉት «ቱርክ ካምፕ» እና ጃሪ የተባሉት መጠለያዎች ስማቸው ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን እህል፣ ብርድ ልብስና ድንኳን ነው። እነዚህ መቅደማቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከወለጋ ተፈናቅለው እዚያ ከተጠለሉት ቤተሰቦች መካከል 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች ከእህሉ ቀጥሎ የሚያስፈልጋቸው ወረቀት ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ መማራቸውን የሚመሰክር ወረቀት።

ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ለወሎ ባዕድ አይደሉም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ወደ ምዕራብ የሄዱ የወሎ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ አያቶቻቸው ወደተነሱበት ቀበሌ ተመልሰው በዘመድ ቤት ተጠግተዋል። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በውጫሌ፣ በሐይቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ ወላጆቻቸውን አጥተው ከአክስት ወይም ከአጎት ጋር የቀሩ የአካባቢው ልጆች አሉ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ሌሎች ተማሪዎችን ጨመረ። ከአምባሰል ገጠር ቀበሌዎች ወደ ውጫሌ ወይም ወደ ሐይቅ ወርደው፣ ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤት እያመጡ የሚማሩትንም አንርሳ። ወላጅ አላቸው፤ ሆኖም መንገድ ሲዘጋ ኑሯቸው ወላጅ ከሌለው ልጅ ኑሮ ብዙም አይለይም።

አገራቸውና ታሪካቸው ቢለያይም ትምህርት ቤት በር ላይ የሚገጥማቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «መሸኛህ የት አለ? ካርድህስ? ወላጅህን ይዘህ ና።»

ይህ ጥያቄ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት የእኛ ሁለተኛ ደረጃ ዓመቱን እንዴት እንደሚቆጥር ማየት ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ ተማሪው ያለፈው ኮርስ ይቆጠርለታል፤ ቢያቋርጥም የተማረው አይሰረዝበትም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ግን የሚቆጠረው ሙሉ ዓመት ነው። የሁለቱ መንፈቅ ዓመት ውጤት ተደምሮ አማካዩ ይወጣል፤ ተማሪው ወይ ይዛወራል ወይ ይደግማል፤ መሃል የሚባል ነገር የለም። በመጋቢት የተፈናቀለ ልጅ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ጨርሶ፣ ተፈትኖ፣ ውጤቱም ሮስተር ላይ ሰፍሮ ነበር። ያንን የሚያሳይ ነገር ይዞ ካልመጣ ግን ግማሽ ዓመቱ እንዳልነበረ ይሆናል። የ8ኛ ክፍል ውጤቱን ካላገኘ ደግሞ ከ9ኛ ክፍልም በር ይመለሳል።

በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ እንዳየሁት፣ ተማሪው ትምህርት ጠልቶ የሚቀረው ጥቂት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሦስተኛውን ሲያፍር ይቀራል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከአሥራ አራት ዓመት ልጆች ጋር እንደገና 9ኛ ክፍል ተቀመጥ ሲባል ደግሞ የቀን ሥራ ይመርጣል። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ታስባለች ወይም ትዳራለች።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በሕግ ይዘውታል። በአሜሪካ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማኪኒ-ቬንቶ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፤ ቤት አልባ ተማሪ ማስረጃ ባይኖረውም ትምህርት ቤቱ ወዲያውኑ መዝግቦ እንዲያስተምረው ያዛል። ማስረጃውን ከቀድሞው ትምህርት ቤት የመጠየቅ ኃላፊነትም ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ በማደጎ ቤት ያለ ተማሪ በመሃል ሲዛወር እስከዚያ ቀን የተማረው በክፍልፋይ እንዲቆጠርለት ደንግጓል። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ልጅ በአደራ የምታሳድጉ ካላችሁ የትምህርት ቤቱን ሠራተኛ ስለዚህ መብት ጠይቁ፤ በየትምህርት ዲስትሪክቱ ለዚሁ የተመደበ ሰው አለ።

የእኛስ አገር? የትምህርቱ ሥርዓት ክፍልፋይ ባይቆጥርም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 13 ስለ ተፈናቃዮች ሰነድ ይናገራል፦ በመፈናቀል ምክንያት የጠፋ ወይም የወደመ ሰነድ ምትክ እንዲሰጥ መንግሥት ማመቻቸት አለበት፤ ለዚህም «መጀመሪያ ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመለስ» የሚል ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ሊቀመጥ አይገባም። ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆችም ሰነዱን በራሳቸው ስም የማግኘት መብት አላቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ይህን ለርዕሰ መምህሩ በትህትና ማስታወስ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ ብዙ ርዕሳነ መምህራን የሚፈልጉት ለመመዝገብ የሚያስችላቸውን ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርድ ተማሪው እጅ የሚገባ ቅጂ ነው፤ ዋናው ሮስተር ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ የ8ኛ ክፍል ውጤት አሁንም ተስፋ አለው፤ ፈተናው ክልላዊ ስለሆነ ውጤቱ በትምህርት ጽሕፈት ቤትና በክልሉ ትምህርት ቢሮ በኩል ያልፋል። ከወለጋ የመጣው ልጅ ውጤት የሚፈለገው ኦሮሚያ ውስጥ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ባሕር ዳር ቢጠየቅ አይገኝም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ በፌዴራሉ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ነው። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ቅጂው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወይም መዝገብ ያዥ በስልክ ማፈላለግ፣ የሮስተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አስነስቶ ማስላክ፣ ከዚያም ሐይቅ ያለው ትምህርት ቤት በኦፊሴል ደብዳቤ እንዲጠይቅ ማድረግ የተሻለው መንገድ ነው። ፎቶው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ደብዳቤው የትኛውን ዓመት፣ የትኛውን ክፍልና ሴክሽን እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ግን ያደርጋል። በዚህ መሃል ልጁ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል። «ማስረጃው እስኪመጣ» ተብሎ ቤት የተቀመጠ ልጅ ማስረጃው ሲመጣ ዓመቱ ያልፍበታል።

ምንም ዓይነት ማስረጃ ካልተገኘ መመዘኛ ፈተና እንዲሰጠው መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጁን አዝነንለት ከአቅሙ በላይ ባለ ክፍል ማስቀመጥ ውለታ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው ያሉ ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ 10ኛ ክፍልን ሳይማር 11ኛ የገባው ተፈናቃይ ያለ ማካካሻ ትምህርት ምን ያመጣል? ወረቀቱና ጥናቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

ማካካሻ ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ አገር አቀፉ ፈተና ሲሰጥ ደቡብ ወሎ ጦርነት ውስጥ ነበር፤ ለጦርነቱ አካባቢ ተማሪዎች በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈትኗል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሬሜዲያል ፕሮግራምም ያላለፉትን አስተምሮ ደግሞ የመመዘን ሐሳብ ነው። ለ12ኛ ክፍል የተቻለው ለ9ኛ ክፍል ተፈናቃይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ «ወላጅህን ይዘህ ና» እንመለስ። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ልጁ ሲታመም፣ ሲቀር ወይም ሲያጠፋ የሚጠራው ሰው ነው። አክስት ወይም አጎት ብዙ ጊዜ በቀበሌ ደብዳቤ ይበቃቸዋል። ጉዳዩ ከበድ ካለ፣ ለምሳሌ የሟች ወላጅ ንብረት ወይም ጡረታ ካለ፣ የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ይሻላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ወገኖቹ ከተስማሙ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትነት የሚያዩ መሆናቸውን የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ያስቀምጣል፤ በአማራ ክልልም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። የፋይዳ መታወቂያም ቢሆን ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት አሠራር አለው፤ ቶሎ ቢያዝ ለብዙ ነገር ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የፊቅህ ነጥብ አለ። በሸሪዓ ቋንቋ የቲም የሚባለው አባቱ የሞተበትና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ነው። ቡሉግ ሲደርስ የቲም የሚለው ስም ይቀራል። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን የምንረዳቸው የቲሞች ትንንሾቹ ናቸው፤ ልጁ ጢም ሲያበቅል «አሁንማ አድጓል» እንላለን። ይህ ደግሞ በትክክል 9ኛና 10ኛ ክፍል የሚደርስበት ዕድሜ ነው። ነገር ግን ሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ የየቲም ገንዘብ ለራሱ የሚሰጠው በቡሉግ ብቻ አይደለም፤ ሩሽድ፣ ማለትም ራሱን በአግባቡ የማስተዳደር ብስለት፣ ተፈትኖ ሲታይበት ነው። ዑለማዎች ሁለቱን ለይተው ማየታቸው ለእኛም ትምህርት አለው፦ አካሉ አደገ ማለት ራሱን ቻለ ማለት አይደለም። የቲም የሚለው ስም ቢቀርበትም ድሃ ከሆነ ደግሞ በድህነቱ ከዘካ ባለመብቶች አንዱ ነው። በዝርዝሩ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ወሎ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከማንም በፊት ያውቃል። ደረሳ ከሩቅ አገር መጥቶ ሸኽ ዘንድ ሲቀራ፣ የመንደሩ ሰው ምግቡን ተካፍሎ ያበላው ነበር፤ አባትህ ማነው፣ ወረቀትህ የት አለ ያለው አልነበረም። ያው ልማድ ዛሬ ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ቢዘረጋ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ መስጂድ ጀመዓው ውስጥ ካሉት መምህራን ሁለት ሦስቱን ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስረዱ ቢጠይቅ፣ መብራትና መቀመጫው አለ። ከጀመዓው አንድ ሰው፣ በተለይ ቢሮ የሚያውቅ ጡረተኛ፣ የልጆቹን ስም፣ የቀድሞ ትምህርት ቤትና የጎደለውን ወረቀት በአንድ ደብተር ይዞ ቢከታተል ከብዙ ብር ይበልጣል። ለሴቶቹ ደግሞ የምትጠራላቸው አንዲት እናት ብትኖር ይሻላል፤ ለርዕሰ መምህሩ ሊነግሩት የማይችሉትን ለእሷ ይነግሯታል።

ይህ ሥራ የሚጀመረው በሐምሌ ነው። ምዝገባ ነሐሴ ላይ ሲከፈት ደብዳቤው ተልኮ፣ ስልኩ ተደውሎ፣ የሚጠራው ሰው ታውቆ ካልቆየ፣ መስከረም ላይ ክፍሎቹ ሞልተው ልጁ «ለከርሞ ና» ይባላል። አሁን ትምህርት ላይ ያሉትንም ቢሆን በየመንፈቅ ዓመቱ ካርዳቸውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በሁለት ሰው እጅ አስቀምጡላቸው።