ቀዩ መብራት ሲበራ



አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዘመዶቹን ለመጠየቅ በአሮጌ ቮልስ መኪናው ወደ ይፋት ይጓዛል እንበል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም በአንኮበር በኩል፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ወደ ነበረችው ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁለቱን ሲጀምር፥ በመሪው ፊት ያለው ቀይ መብራት ቦግ ይላል። አንዳንዱ ሰው «ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ» ብሎ ይነዳል፤ ሌላው ደግሞ ምክንያቱን ሳያጣራ ደመወዙን አውጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የዚህ ዓይነት መኪና የመጨረሻው የተሠራው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ነው። አብዛኞቹም ከዚያ እጅግ ቀደም ብለው የተሠሩ ስለ ሆኑ ሽቦዎቻቸው አርጅተዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ የመብራቱን ትርጉም ማወቅ ይገባዋል።

ቀዩ መብራት ዲናሞው ለባትሪው ኃይል አለመስጠቱን ያመለክታል። በቮልስ ግን ከዚህ የከበደ ነገር አለ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶም ማራገቢያውን አብሮ ያዞራል። እንግዲህ መብራቱ እንደ በራ ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ያሻል። ቀበቶው ተበጥሶ ከተገኘ፥ ሳይለወጥ ጥቂት መንገድ እንኳ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ቀበቶው ደኅና ሆኖ በሚገባ ከተወጠረ ግን፥ የፊት መብራት ሳያበሩ በቀን በባትሪው ኃይል ብቻ እስከሚቀርበው ከተማ መድረስ ይቻል ይሆናል።

ከደረሱ በኋላ ምርመራው ከቀላሉ ይጀመራል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲዞር ቀዩ መብራት መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፥ ሽቦው ተቋርጧል ወይም ባትሪው ፈጽሞ ደክሟል። ቀጥሎ የባትሪው ጫፎች ይታዩ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለባቸው ይጽዱና ይጥበቁ። ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ሽቦም እንዲሁ ይታይ። ብዙ ጊዜ «ባትሪው ሞተ» የሚባለው ይህ ሽቦ ላልቶ ነው።

ከዚህ በኋላ በቮልት መለኪያ ይመዘናል። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ሊደርስ ይገባል። ቁጥሩ ካልጨመረ በዲናሞው ውስጥ ያሉት ከሰሎች አልቀዋል፥ ተቆጣጣሪው ተበላሽቷል ወይም በሁለቱ መካከል ያለው ሽቦ ተቋርጧል ማለት ነው። ከ15 ቢያልፍ ተቆጣጣሪው ኃይሉን መግታት ስላቃተው የባትሪው አሲድ ይፈላል። የጥንቶቹ ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ ልኩ በዚያው መጠን ግማሽ ይሆናል።

ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ አልነሣ ካለ ደግሞ፥ ካንዴላውን ከመለወጥ በፊት የእሳቱን መንገድ መከተል ነው። የትንሽ መፈተኛ መብራት አንዱን ሽቦ በመኪናው ብረት ላይ አሥረው፥ ቁልፉን ከፍተው፥ ሌላውን 15 ቁጥር በተጻፈበት የቦቢናው ጫፍ ያስነኩ። ካልበራ ጉድለቱ ከቁልፉ እስከ ቦቢናው ባለው ሽቦ ላይ ነው። ከበራ ወደ 1 ቁጥር ያዛውሩትና ሞተሪኖው እንዲያዞር ያድርጉ፤ በዚህ ጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ይህ ካልሆነ በእሳት አከፋፋዩ ውስጥ ያሉት መገናኛ ብረቶች ይመርመሩ። ሽቦ የሚፈታ ሰው ግን አስቀድሞ የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ይንቀል።

በመጨረሻም የቆላ ሙቀት ባትሪን ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚገለጠው ግን በደጋ ብርድ ነው። በአሊዩ አምባ በቀላሉ የተነሣ መኪና በማግሥቱ ማለዳ በደብረ ብርሃን እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዳገቱን ከመጀመር በፊት ቀበቶውን፥ የባትሪውን ጫፎችና የሚከፈት ባትሪ ከሆነም የውሃውን መጠን ማየት ያሻል። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ የወር ደመወዝንና አንድ ሞተርን ግን ሊያድን ይችላል።